ልጄ የሚማርበትን ቋንቋ አላውቅም

ቦሪ፣ በኬንያው ሞያሌ። አመሻሽ ላይ፣ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ከገቡ በኋላ። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ የምትነግድ የሁለት ልጆች እናት፣ ሌላው በኢትዮጵያ በኩል ረጅም ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቷ።

እናት፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ብዬ ነው። ትልቁ ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ሁለተኛ። ማታ ማታ ደብተራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። እኔ ላስረዳቸው ይቅርና አርዕስቱንም አላነበው። በአማርኛ እስከ ስድስተኛ ተምሬ ነበር፤ እዚህ ግን አንዱ እንግሊዝኛ ነው፣ አንዱ ስዋሂሊ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚጫወቱት በቦረንኛ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ከማየት በቀር ምን አደርጋለሁ?

መምህር፦ አጠገባቸው ትቀመጫለሽ?

እናት፦ ሱቁን ዘግቼ ከገባሁ አዎ።

መምህር፦ እንግዲያው ከብዙ ወላጅ ቀድመሻል። የሁለቱም ችግር ግን አንድ አይደለም፤ ለይተን እንየው። በኬንያ ደንብ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የሚማሩት በአካባቢው ቋንቋ ነው፤ በከተማ ስዋሂሊም ሊሆን ይችላል። አራተኛ ሲገቡ ከስዋሂሊው በቀር ትምህርቱ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ሳይንሱም ሂሳቡም። ትልቁ ልጅሽ ያንን መታጠፊያ ገና ካለፈ አንድ ዓመቱ ነው። ሦስተኛ ክፍል ላይ እንዴት ነበር?

እናት፦ ጎበዝ ነበር። መምህሯም ታመሰግነው ነበር። አራተኛ ሲገባ ዝም አለ። እኔ ሰነፈ ብዬ ስቆጣው ነው የከረምኩት።

መምህር፦ አልሰነፈም። ፀሐይ ውኃን እንዴት እንደምታተን ያውቃል፤ በእንግሊዝኛ ንገረኝ ሲባል ነው የሚዘጋው። እንዲህ ያለውን ልጅ በቁጣ ማስከፈት አይቻልም። ማታ ስትቀመጡ "ዛሬ ሳይንስ ላይ ምን ተማራችሁ? በአማርኛ ንገረኝ" በይው። መጀመሪያ ይደናቀፋል። ከዚያ ያወጣዋል። በአማርኛ አሳምሮ ካስረዳሽ ነገሩ ገብቶታል፣ የጎደለው የእንግሊዝኛው ቃል ብቻ ነው ማለት ነው። በአማርኛም ማስረዳት ካልቻለ ነገሩ ራሱ አልገባውም። ይህን ለመለየት አንቺ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግሽም።

እናት፦ ጎረቤቶቼ ግን ሌላ ነው የሚሉኝ። "ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሪያቸው፣ አማርኛው ይጎትታቸዋል" ይሉኛል። አንዷ እንዲያውም "ካም ሂር፣ ሲት ዳውን" እያለች ነው የምታሳድገው። ልጇም ፈጣን ነው።

መምህር፦ ፈጣን ይሁንላት። አንቺ ግን በእንግሊዝኛ ስንት ነገር ልትነግሪው ትችያለሽ? ና፣ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ሂድ። በአማርኛ ግን የአያቱን ታሪክ፣ ዝናቡ ለምን እንደዘገየ፣ ደንበኛሽ ለምን ዱቤውን ሳይከፍል እንደሄደ፣ ሁሉን ትነግሪዋለሽ። "ምክንያቱም" እና "ይሁን እንጂ" የሚባለውን፣ የማሰቢያውን ነገር፣ ልጅ የሚማረው ከእንዲህ ያለ ረጅም ወሬ ነው። ጂም ከሚንስ የሚባል ካናዳ የሚኖር ምሁር በ1979 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነው፤ በአንዱ ቋንቋ የዳበረ የማንበብና የማሰብ ችሎታ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። አማርኛውን ብትነጥቂው በምትኩ የምትሰጪው አራት ትእዛዝ ብቻ ነው።

እናት፦ ይህ ለእርስዎ ቀላል ነው ጋሼ። ፈተናው በአማርኛ አይመጣም። እዚህ አገር ሥራ የሚገኘው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። አማርኛ ይዘው ናይሮቢ ቢሄዱ ማን ያናግራቸዋል?

መምህር፦ እውነትሽን ነው፣ አልከራከርሽም። እንግሊዝኛ የግድ ነው። እኔ የምልሽ እንግሊዝኛውን ከሚያውቀው ይስማው ነው። ከመምህሩ፣ ከመጽሐፉ፣ ከሬዲዮው። ከአንቺ ደግሞ አንቺ የምታውቂውን ይውሰድ። አንዱ በሌላው ቦታ አይግባ። ደግሞም ትንሿን ስዋሂሊው ላይ እኮ ከምታስቢው በላይ ትረጃታለሽ። ሰዓት መቁጠር ጀምራለች?

እናት፦ ባለፈው ሳምንት የሰዓት ሥዕል ይዛ መጥታ ነበር። ተምታታባት።

መምህር፦ ቢምታታባት አይገርምም። ስዋሂሊ ሰዓትን የሚቆጥረው እንደ እኛው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት "ሳ ሞጃ" ይባላል፣ ሳ ሞጃ ማለትም አንድ ሰዓት ነው። እንግሊዝኛው ያንኑ ሰዓት ሰባት ይለዋል። ልጅቷ በአንድ ቀን በሁለት አቆጣጠር እየተማረች ነው። የስዋሂሊውን አንቺ ልታስረጃት ትችያለሽ፤ ቤት ውስጥ የምትኖሩበት ሰዓት ነው። ለእንግሊዝኛው ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ብቻ ነው። ይህን አንድ ምሽት አሳያት፤ እናቴ ታውቃለች ትላለች። ልጅ እናቱ እንደምታውቅ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው።

እናት፦ እናቴ ታውቃለች ትላለች… እሱን እንኳ ካሉኝ፣ ልጁ ባለፈው "አንቺ አታውቂም" ብሎኝ ደብተሩን ሲነጥቀኝ አልቅሻለሁ።

መምህር፦ አይዞሽ። ድንበር ላይ የሚያድጉ ልጆች ቤት ብዙ ጊዜ የሚሆን ነው። ልጁ የቤቱ አስተርጓሚ ይሆናል። ክሊኒክ ሲኬድ እሱ ያወራል፣ የትምህርት ቤቱን ወረቀት እሱ ያነባል፤ ቀስ እያለም ወላጁን ከላይ ወደ ታች ማየት ይጀምራል። መድኃኒቱ አንቺ የምትበልጪበትን ነገር ማሳየት ነው። አንቺ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ብርን ወደ ሺሊንግ፣ ሺሊንግን ወደ ብር ትመነዝሪያለሽ?

እናት፦ ኧረ ቁጥር የለውም። በጭንቅላቴ ነው የማሰላው።

መምህር፦ አምስተኛ ክፍል የሚማረው ማባዛትና ማካፈል ያው ነው እኮ። ቅዳሜ ሱቅ አስቀምጪውና "ይህ ስኳር ወዲያ በብር በዚህ ያህል ተገዛ፣ ወዲህ በሺሊንግ በስንት ቢሸጥ አናከስርም?" በይው። ደብተሩ ላይ ይሥራው። አንቺ በጭንቅላትሽ ቀድመሽ መልሱን ንገሪው። ያኔ "አንቺ አታውቂም" አይልሽም።

እናት፦ እሱስ ይሆናል። ግን ሱቅ ካስቀመጥኳቸው ትምህርታቸውን እንዳልሻማ ብዬ እፈራለሁ። ሥራ ከበዛብኝ ትንሿን ነው የምጠራት። ሕፃን የጎረቤት ልጅም ትይዛለች።

መምህር፦ እሷ ላይ ግን አልስማማም። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እሷ ሕፃን አዝላለች፣ ውኃ ቀድታለች፣ ማታ ደክሟት ደብተሯ ላይ ትተኛለች። በዚህ አገር ሴት ልጆች የሚቀሩት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ነው ይባላል፤ መቅረታቸው የሚጀምረው ግን ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ እንዲህ ባለው ማታ ነው። ሥራ አትሥራ አልልሽም፤ ሁሉም ቤት ሥራ አለ። ለሁለቱም እኩል ይከፈል። የጥናት ሰዓቷን ደግሞ ማንም አይንካባት፤ እንግዳ ቢመጣም፣ አንቺም ብትሆኚ።

እናት፦ ባለቤቴ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። እሱ በኢሲዮሎ መንገድ ከባድ መኪና ላይ ነው። ማታ ይደውላል። ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ስንተኛ ወጣህ?" ልጁ መልስ የለውም። እኔም የለኝም። ሪፖርቱ ላይ ደረጃ የሚባል አልተጻፈም።

መምህር፦ አይጻፍም። እኛ ያደግነው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አሥረኛ እየተባልን ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኬንያ ሲ.ቢ.ሲ. ወደሚባለው ሥርዓተ ትምህርት ከታች ክፍሎች ጀምራ ስትገባ ያንን ተወችው። የስምንተኛ ክፍሉ የድሮ ፈተና፣ ኬ.ሲ.ፒ.ኢ.፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2023 ነው። አሁን ሪፖርቱ ላይ የምታይው አራት ደረጃ ነው፤ ከሚጠበቀው በላይ፣ የሚጠበቀውን ያሟላ፣ ወደሚጠበቀው እየቀረበ ያለ፣ ከሚጠበቀው በታች። እነዚህም በየትምህርቱ ይለያያሉ። ልጅሽ ሂሳብ ላይ የሚጠበቀውን አሟልቶ እንግሊዝኛ ንባብ ላይ ገና እየቀረበ ሊሆን ይችላል። "ስንተኛ ወጣህ?" ለሚለው መልስ የለም፤ "ምኑ ያቅትሃል?" ለሚለው ግን መልስ አለ። ለአባቱ ይህን ንገሪው። ሲደውል "ዛሬ ምን ተማርክ፣ ምኑ ከበደህ?" ይበለው። የአባት አምስት ደቂቃ በስልክ ቀላል እንዳይመስልሽ።

እናት፦ ስድስተኛ ክፍል ላይስ ፈተና አለ ይላሉ?

መምህር፦ አለ፣ ከ2022 ጀምሮ። ልጆችን ለመጣል ግን አይደለም፤ ሁሉም ወደ ሰባተኛ ያልፋል። ስለዚህ አሁን በፍርሃት አታስጨንቂው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ትንሿ ማንበብ ትችላለች?

እናት፦ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ትችላለች መሰለኝ። መጽሐፍ ይዛ ስትወርድበት አያታለሁ።

መምህር፦ "መሰለኝ" አይበቃም። በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያን ቁጥር ሳየው ደነገጥኩ፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው እኮ። እዚህም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ኡዌዞ የሚባል ድርጅት ከ2009 ጀምሮ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ቤት ለቤት እየዞረ ልጆችን አንዲት ገጽ ያስነብብ ነበር። በአንዱ የኬንያ ሪፖርቱ ከአሥር የሦስተኛ ክፍል ልጆች የሁለተኛ ክፍል ሥራ መሥራት የቻሉት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2015 በእኛ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ሰው ሁሉ በ12ኛው ክፍል ላይ ጮኸ። ያ ውድቀት የተጀመረው ልጁ ፊደል እየቆጠረ ሳለ፣ ማንም ቁጭ ብሎ ሳያዳምጠው ሲቀር ነው።

እናት፦ የማላውቀውን ቋንቋ እንዴት አዳምጣለሁ?

መምህር፦ ጆሮ አለሽ። ኡዌዞን የወደድኩት በዚህ ነው፤ ምዘናውን ከትምህርት ቤቱ ወደ ደጃፍ አወጣው፣ ወላጅ ቆሞ እያየ። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ልጇ ስትንተባተብና ስታነብ ትለያለች። ትንሿ የስዋሂሊ መጽሐፏን አውጥታ ጮክ ብላ አንድ አንቀጽ ታንብብልሽ። ስዋሂሊ እንደተጻፈው ነው የሚነበበው፣ ፊደሉ አያታልልም። ታንብብ የምልሽ በየማታው ነው፣ አሥር ደቂቃ። በእያንዳንዱ ቃል ላይ ከቆመች፣ ወይም መጽሐፉን ሳታይ ሸምድዳ ከወረደችው፣ ያን አንቺ ታውቂያለሽ። ገጹን ድንገት ገልብጠሽ ከመሃል "እዚህ ጋ አንብቢ" በያት። ከዚያ "ምን ይላል? በአማርኛ ንገሪኝ" በያት።

እናት፦ ከመሃል! እኔስ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነው የማስነብባት። ለካ ሸምድዳው ሊሆን ይችላል።

መምህር፦ የሸመደደችው ከሆነ ሁለተኛ ክፍል ላይ ማወቅሽ መታደል ነው። አምስተኛ ላይ ይከብዳል።

እናት፦ ለማስጠናት ትዩሽን ላስገባቸው አስቤ ነበር። ሰው ሁሉ ያስገባል።

መምህር፦ ገንዘቡ ካለሽና መምህሩ ልጅሽ የሚያቅተውን ለይቶ የሚያስተምር ከሆነ መልካም። ክፍል ውስጥ የተባለውን ደግሞ የሚደግም ከሆነ ግን ያ ገንዘብ ቁርስ ላይ ይዋል። ልጁ በባዶ ሆዱ ሲሄድ እስከ ምሳ የሚሰማው ሆዱን ነው። ከ2020 እስከ 2023 በነበረው ድርቅ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ በማርሳቢት ልጆች የሚመጡት ትምህርት ቤት ምሳ ሲኖር ነበር። ሻይ በወተት ከቂጣ ጋር ጠጥቶ የሄደ ልጅ ግማሽ ትዩሽን ወስዷል እልሻለሁ።

እናት፦ ሌላም አለ። ይህ ሲ.ቢ.ሲ. የሚሉት ወላጅን ነው የሚያስተምረው። አንድ ቀን ካርቶን አምጡ፣ አንድ ቀን የእንስሳ ሥዕል አሳትሙ፣ ሳይበር የሚሉት ኮምፒውተር ቤት ሄጄ በየገጹ ከፍዬ… ማታ ሦስት ሰዓት ተነስቼ ሳይበር ፍለጋ የሄድኩበት ጊዜ አለ።

መምህር፦ ቅሬታሽ የኬንያ ወላጆች ሁሉ ቅሬታ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ወላጅ በልጁ ትምህርት እንዲገባ። በተግባር ግን ሸክሙ ገንዘብና ጊዜ የሌላቸው ላይ ወደቀ። ለመምህሯ በግልጽ ንገሪያት፤ ሥዕሉ ታትሞ ሳይሆን ልጁ በእጁ ስሎት ቢመጣ ይሻላል። ብዙ መምህራን ይቀበላሉ፤ ወላጅ ስለማይናገር ብቻ ነው የማያውቁት። ካርቶኑን ከሱቅሽ ስጪው። ካርቶኑን የሚቆርጠውና የሚያጣብቀው ግን ልጁ ይሁን። አንቺ ሠርተሽ ከላክሽለት የተማርሽው አንቺ ነሽ።

እናት፦ ትምህርት ቤት መሄድ እፈራለሁ ጋሼ። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ከኋላ ተቀምጬ እወጣለሁ። ሁሉም በስዋሂሊ ይናገራል። በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2010 ሞያሌ ላይ ሰላማዊ ሰዎች የተገደሉ ጊዜ ድንበሩን ተሻግረን ስንመጣ ልጁ ገና ሕፃን ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንግዳ ነኝ ብዬ ነው የማስበው። "ከወዲያ የመጣች" እንዳልባል።

መምህር፦ በዚያ ሰሞን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው ወዲህ የተሻገረው። ዛሬ ግን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነሽ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ቦታሽ ይህ ነው። ስብሰባውን ተይው፤ ስብሰባ ላይ ስለ መዋጮ ነው የሚወራው። አንድ ቀን ልጆቹ ሲወጡ ሄደሽ መምህሯን ብቻዋን አግኚያት። ቦረንኛ ትችያለሽ አይደል?

እናት፦ ገበያ ላይ የምግባባውን ያህል።

መምህር፦ ይበቃል። ሌላ አጣዳፊ ነገርም አለ፤ የልደት የምስክር ወረቀታቸው ተስተካክሏል?

እናት፦ የትንሿ አለ። የልጁ ወዲያ ስለተወለደ እስካሁን…

መምህር፦ እሱን አታሳድሪው። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተማሪዎችን በኮምፒውተር ስትመዘግብ የልደት ምስክር ወረቀት ቁጥር ስትጠይቅ ቆይታለች። ድንበር ላይ ብዙ ልጅ የሚጉላላው በዚህ ነው። ልጁ ስድስተኛ ደርሶ ለፈተና ሲመዘገብ ነው ወላጅ መሮጥ የሚጀምረው። አሁን ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚቀበል ጠይቂ፤ የስደተኛ ወረቀት ይሁን፣ ወዲያ የተሰጠ የልደት ወረቀት ይሁን፣ እነሱ ያውቃሉ።

እናት፦ እሺ። ወዲያ ለመመለስ ብናስብስ? እናቴ እዚያ ናት፤ አንዳንዴ ልጁን ከሷ ጋር ላስቀምጠው እላለሁ።

መምህር፦ ከተመለሳችሁም በመሃል አትመልሺው። የኬንያ ዓመት በጥር ይጀምርና በኅዳር አካባቢ ያልቃል፤ የኢትዮጵያው በመስከረም ይከፈታል። በመሃል የሚሻገር ልጅ ግማሽ ዓመት ይባክንበታል፤ አማርኛ ከሆነ ፊደሉም ይለወጥበታል። በእንግሊዝኛ የጀመረውን ሳይንስ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ እንደገና ሊጀምር ነው። እኔ ሁለቱንም አገር እወዳለሁ፣ ግን ልጅን እንደ ዕቃ ወዲህ ወዲያ ማመላለስ ትምህርቱን አይጠቅመውም። ሦስት ዓመት አንድ ቦታ ይርጋ።

እናት፦ ተረድቻለሁ። ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ያልተማረ ወላጅ ልጅ ማስተማር ይችላል?

መምህር፦ ከዚህ ሩቅ ሳንሄድ እነግርሻለሁ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባል ሰው አለ፣ ነጌሌ ቦረና የተወለደ። አባቱ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ የከብት ነጋዴ ነበር። ልጁ ግን እንዲማር አጥብቆ ያዘ። ዮሐንስ ከትምህርት ቤት ውጪ መጽሐፍ እጁ ላይ የገባለት በ19 ዓመቱ ነው። ተሰድዶ አሜሪካ ገባ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለልጆች መጽሐፍ ሰጪ ሆነ፤ ተመልሶም አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አስጀመረ። ያ የከብት ነጋዴ ለልጁ አንድ የቤት ሥራ አስረድቶት አያውቅም ይሆናል። ከብት ጠብቅ ብሎ አላስቀረውም፤ ያደረገለት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

እናት፦ በዚሁ በእኛ አካባቢ ነው እንግዲህ የተወለደው። እሺ ጋሼ፣ ሰኞ ልጆቹ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቃለሁ። መምህሯን ምን ብዬ ልጠይቃት? በስዋሂሊ ይጻፉልኝ፤ መናገሩን እለማመደዋለሁ።

መምህር፦ ሦስት ጥያቄ ይበቃሻል። ልጄ በየትኛው ትምህርት ላይ ነው የሚያቅተው? ክፍል ውስጥ ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? ቤት ውስጥ በዚህ ሳምንት ምን ላድርግ? ሦስተኛውን ብዙ ወላጅ አይጠይቅም። መልሱን አጭር እንድታደርግልሽ ንገሪያት፤ አንድ ነገር ብቻ።

እናት፦ አንድ ነገር ብቻ። ልጁ ራሱ ስዋሂሊውን ያንብብልኝ፣ እኔም ከሱ ልማረው?

መምህር፦ ያንብብልሽ። ስህተትሽንም ያርም። በ2004 እ.ኤ.አ. ኤልዶሬት አጠገብ ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ ሽማግሌ በ84 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ገብተው ከሕፃናት ጋር ተቀምጠዋል፤ አንቺ ገና ወጣት ነሽ።

እናት፦ ጥያቄዎቹን ይጻፉልኝ እንግዲህ። ከልጁ ደብተር ጀርባ ላይ፣ በትልልቁ።